ድርጅት ሲሸጥ የቅጥር ቀን አይሸጥም

በብር ወንዝ ሸለቆ፣ ከፍኖተ ሰላም ብዙ ሳይርቅ፣ ላይ ብርና ታች ብር የሚባሉ ሰፋፊ እርሻዎች አሉ። በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻ ነበሩ። ትራክተር ነጂው፣ መካኒኩ፣ የመጋዘን ሠራተኛውና ጥበቃው ደመወዛቸውን የሚፈርሙት በመንግሥት ፔሮል ላይ ነበር። ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ የመንግሥት ድርጅቶችን ወደ ግል ማዛወር ሲጀመር የብር እርሻም፣ በአዊ በኩል ያለው የአየሁ እርሻም በሚድሮክ ሥር ባለው በኢትዮ አግሪ ሴፍት እጅ ገቡ። መሬቱ ያው መሬት፣ በቆሎውም ያው በቆሎ ነው። የተለወጠው ከፔሮሉ አናት ላይ የተጻፈው ስም ነው።

እንዲህ ያለ ለውጥ በምዕራብ ጎጃም ብርቅ አይደለም፤ ወደፊትም እየበዛ እንጂ እያነሰ የሚሄድ አይመስልም። ቡሬ ላይ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ የፊቤላ የዘይት ፋብሪካ አለ። በየከተማው ደግሞ ሆቴሉ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱና ክሊኒኩ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከሻጭ ወደ ገዥ፣ ከአንዱ ተከራይ ወደ ሌላው ተከራይ ያልፋል። ስለ ሽያጩ ብዙ ይወራል፤ በስንት ተሸጠ፣ ማን ገዛው፣ ብድሩን ከየት አመጣው ይባላል። እዚያው ውስጥ ሲሠራ የኖረው ሰው ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ግን የሚነሳው ዘግይቶ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሰውየው ወረቀት ከፈረመ በኋላ።

የሕጉ መልስ አጭር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነገሩን በሁለት ቦታ ይነካዋል። አንቀጽ 16 የድርጅቶች መቀላቀል፣ መከፋፈል ወይም ባለቤትነታቸው ወደ ሌላ መተላለፍ የሥራ ውሉን አያሻሽለውም ይላል። አንቀጽ 23 ደግሞ በዚሁ ምክንያት ውሉ እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። ድንጋጌው አዲስ አይደለም፤ ከቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የተወረሰ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች የሚሸከሙት ነገር ከርዝመታቸው በላይ ስለሆነ ቀስ ብሎ ማየት ይገባል።

ከሁሉ በፊት፣ አዲሱ ባለቤት ነባሩን ሠራተኛ አይቀጥርም። ሠራተኛው ቀድሞውኑ ተቀጥሯል፤ ገዥው የገባው በቆመ ውል ውስጥ ነው። ስለዚህ «ከዛሬ ጀምሮ ቀጥሬሃለሁ» ማለት፣ አዲስ የሙከራ ጊዜ መስጠት፣ ደመወዝን እንደ አዲስ መደራደር ቦታ የላቸውም። የሙከራ ጊዜ ቀላል ነገር አይደለም፤ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ አይደለህም የተባለ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ይሰናበታል። አሥር ዓመት ያሽከረከረን ሹፌር በሙከራ ላይ ማስቀመጥ ማለት አሥሩን ዓመት በአንድ ፊርማ መፋቅ ነው።

አዋጁ «ድርጅት» የሚለውም ሙሉውን ኩባንያ ብቻ አይደለም። ራሱን ችሎ የሚሠራ ቅርንጫፍም እንደ ድርጅት ይቆጠራል። ባለንብረቱ ባሕር ዳር ያለውን ይዞ ፍኖተ ሰላም ያለውን ቅርንጫፍ ብቻ ቢሸጥ፣ የቅርንጫፉ ሠራተኞች ውል ከቅርንጫፉ ጋር ይሄዳል ብሎ ለመከራከር በቂ መሠረት አለ።

የጽሑፍ ውል የሌላቸው ሰዎች ይህ እኛን አይመለከትም ብለው ያስባሉ። ቡሬ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ስምንት ዓመት ወጥ የሠራች ሴት በእጇ አንድም ወረቀት ላይኖራት ይችላል፤ የተቀጠረችው በአማላጅ፣ በቃል ነው። ሕጉ ግን የቃል ውልንም ውል ይለዋል። በጽሑፍ ያልተደረገ ውል ከሆነ የቅጥሩን ሁኔታ የሚገልጽ ደብዳቤ በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ አለመስጠቱ የሠራተኛዋን መብት አይቀንስም። ባለቤቱ ቢሞትና ቤቱ ለወራሾች ቢያልፍም ያው ነው፤ ውልን በሕግ ከሚያቋርጡት ምክንያቶች መካከል የሠራተኛው ሞት ተጽፏል፣ የአሠሪው ሞት ግን የለም። ከዚህ ጥላ ውጭ ከሚቀሩት መካከል የመንግሥት ሠራተኞችና የሥራ መሪዎች ይገኙበታል፤ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ትናንት ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው በሽያጭ ማግሥት እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በአንቀጽ 16 እከላከላለሁ ቢል መንገዱ ጠባብ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ያን ያህል ያጨቃጭቃል? ምክንያቱ በክፍያ ወረቀቱ ላይ «የተቀጠረበት ቀን» ተብላ የምትቀመጠው ትንሽ ሣጥን ናት። ከደመወዙ መጠን ይልቅ ብዙ ጊዜ የምትጠፋው እሷ ናት፤ መጥፋቷም ወዲያው አይታወቅም፤ ደመወዙ ያው ነውና። ነገሩን በአኃዝ እንየው። ቡሬ ውስጥ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል 13 ዓመት የሠራች ሴት አለች እንበል፤ የወር ደመወዟ 6,000 ብር ነው። ፋብሪካው ይሸጣል፤ አዲሱ ባለቤት ሁለት ዓመት ካሠራት በኋላ አዲስ ማሽን አስገብቶ ሠራተኛ ይቀንሳል፤ እሷም ከተቀናሾቹ አንዷ ትሆናለች።

ሠራተኛው በተለምዶ «ሰርቪስ» የሚለው የስንብት ክፍያ ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ሒሳቡ የሚነሳው ከመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው፤ ለቀላልነት 30 ቀኑን የወር ደመወዟ አድርገን እንውሰደው። አገልግሎቷ ሳይቋረጥ 15 ዓመት ከተቆጠረላት ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለቀሩት 14 ዓመታት በየዓመቱ 2,000፣ በድምሩ 34,000 ብር ይሆናል። ሥራዋ የተቋረጠው በቅነሳ ስለሆነ ሕጉ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨምርላታል፤ 46,000 ብር። አገልግሎቷ ከሽያጩ ማግሥት እንደ አዲስ ከተቆጠረ ግን ለሁለቱ ዓመት 8,000፣ ከ60 ቀኑ ጋር 20,000 ብር ይዛ ትወጣለች። የ26,000 ብሩ ልዩነት የመጣው በሣጥኗ ውስጥ ያለው ቀን ስለተቀየረ ብቻ ነው።

የዓመት ዕረፍቱም እንደዚሁ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። በ15 ዓመት 23 ቀን የሚደርሳት ሴት እንደ አዲስ ስትቆጠር ወደ 16 ትመለሳለች። ከቅነሳ ውጭ ባሉ ምክንያቶች ስትሰናበት የሚሰጣት ማስጠንቀቂያም እንዲሁ በአገልግሎት የሚለካ ነው፤ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ለሠራ ሦስት ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሠራ ሁለት ወር፣ እስከ አንድ ዓመት ለሠራ አንድ ወር። በጡረታ በኩል ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እየተዋጣ የሚሄደው ገንዘብ በሰውየው ስም የሚመዘገብ በመሆኑ ባለቤት ሲለወጥ አይጠፋም። እዚህ ላይ የሚያሰጋው በርክክቡ ግርግር ሳይከፈል የሚያልፍ ወር ነው።

ታዲያ ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ቀኑ እንዴት ይጠፋል? በርክክብ ሳምንት በሚፈረሙ ሁለት ወረቀቶች ነው። አንደኛው የመልቀቂያ ቅጽ ነው፤ ሠራተኛው በገዛ ፈቃዱ ሥራውን እንደለቀቀ፣ ከድርጅቱ የሚጠይቀው ምንም ነገር እንደሌለ የሚገልጽ፣ ከታች ለፊርማና ለቀን ነጥብ ነጥብ የተተወበት። ሁለተኛው የአዲስ ቅጥር ውል ነው፤ ቀኑ ከአንደኛው በማግሥቱ የዋለ። ሁለቱም በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ስክሪፕቶ ይፈረማሉ፤ የሰው ኃይል ኃላፊውም «ፎርማሊቲ ነው» ይላል። ፎርማሊቲ አይደለም። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው ነገ «ያለ አግባብ ተሰናብቻለሁ» ብሎ ወደ ሥራ ልመለስ ማለት፣ ካልሆነም የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ መጠየቅ ይከብደዋል። የቅነሳው የ60 ቀን ጭማሪም ለለቃቂ አይደለም።

የፈረመ ሰው ሁሉ ግን አበቃለት ማለት አይደለም። አንቀጽ 25 ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ውሉን ማቋረጥ እንደሚችሉ ይፈቅድና ወዲያው፣ ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት ቢተው መተዉ የሕግ ውጤት የለውም ይላል። ስለዚህ «የምጠይቀው የለም» የሚለው ሐረግ ከሚያስፈራው ያህል ጉልበት የለውም። ሁለት ወረቀቶች በተከታታይ ቀን፣ ለዚያው ሥራ፣ በዚያው ግቢ ውስጥ መፈረማቸው ራሱ ነገሩ የይስሙላ መሆኑን ለዳኛ ያሳያል። ችግሩ ይህን ለማሳየት ክርክር ውስጥ መግባት ግድ መሆኑ ነው፤ ሳይፈርሙ መቆየት ከዚያ ሁሉ ያነሰ ድካም አለው።

ሐቀኛ መንገድም አለ፤ ለእሱም ፍትሐዊ እንሁን። አንዳንድ ሻጭ ከርክክቡ በፊት የየሠራተኛውን የስንብት ክፍያ፣ ያልተወሰደውን ዕረፍት በገንዘብ ለውጦ፣ ቀሪ ደመወዙን ጨምሮ ይከፍልና ገዥው ከዜሮ ይጀምራል። ገንዘቡን በእጁ የተቀበለ ሠራተኛ ይህን ሊመርጥ ይችላል፤ ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ ይመርጠዋል። ሊጠየቅ የሚገባው ከሽያጩ በኋላ ያለው የሙከራ ጊዜ ተነስቷል ወይ፣ የደመወዝ እርከኑስ ያው ነው ወይ የሚለው ነው።

ሌላው ሰው የሚደናገርበት ነገር የሽያጩ ዓይነት ነው። ድርጅቱ አክሲዮን ማኅበር ወይም ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆኖ የተሸጠው አክሲዮኑ ከሆነ፣ በሕግ ዓይን አሠሪው አልተለወጠም፤ የተለወጡት የአሠሪው ባለቤቶች ናቸው። የሰበታውን ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ እንውሰድ። የመንግሥት የነበረው ፋብሪካ በ2004 ዓ.ም. በ225 ሚሊዮን ዶላር ለእንግሊዙ ዲያጆ ተሸጠ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ዲያጆ ለቢጂአይ አሳለፈው። ከሁለቱ ሽያጮች በፊት የገባ ሠራተኛ ከቢራ መጥመቂያው ሳይወጣ ሦስት ባለቤት አይቷል። እኛ ዘንድ ቅርብ የሆነው ምሳሌ አብቁተ ነው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በየወረዳው ቅርንጫፍ ከፍቶ ለገበሬው ሲያበድር ኖሮ፣ ወደ ፀደይ ባንክነት ሲሸጋገር የቅርንጫፉ ሠራተኛም አብሮት ተሻግሯል። ታፔላው ቢለወጥም የተሸጠ ነገር ስለሌለ ለአንቀጽ 16 የሚተርፍ ጥያቄ እንኳ አይነሳም።

የከበደው ፈተና የመጣው ግን በመንግሥት በራሱ እጅ ነው። በኅዳር 2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ቀርቶ ኢትዮ ቴሌኮም በደንብ ሲቋቋም፣ አስተዳደሩም ለፈረንሳዩ ፍራንስ ቴሌኮም ሲሰጥ፣ ሠራተኛው በጅምላ አልተሻገረም፤ እንደ አዲስ ተመደበ፤ በሺዎች የሚቆጠሩትም ምደባ አላገኙም። ሥራው ያው የስልክ ሥራ፣ ኔትወርኩም ያው ኔትወርክ ነበር። ሕግ አውጪው በአንድ እጁ የጻፈውን በሌላው ሲያልፈው የግል ባለሀብት ምን ይማራል? በእኔ እምነት ከዚያ በኋላ በየድርጅቱ «ሁሉም ሠራተኛ እንደ አዲስ ይወዳደር» የሚለው ልማድ ድፍረት ያገኘው በከፊል ከዚያ ነው።

አንቀጽ 16 አዲሱን ባለቤት እጅና እግሩን አያስረውም፤ ይህንንም ሠራተኛው ማወቅ አለበት። ገዥው የሥራ ሁኔታዎችን በኅብረት ስምምነት፣ በሕግ መሠረት በወጣ የሥራ ደንብ ወይም ከሠራተኛው ጋር በጽሑፍ ተስማምቶ መለወጥ ይችላል። ኪሳራ ካለበት፣ አሠራር ከለወጠ ወይም ገበያ ካጣ ሠራተኛ መቀነስም ይችላል። የማይችለው «ገዝቼዋለሁና ያንተን ቦታ ለእገሌ ሰጥቻለሁ» ማለት ነው። አዲስ ባለቤት የራሱን ሰው፣ የወንድሙን ልጅ፣ የድሮ ሒሳብ ሹሙን ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ የሚያመጣው ሰው ግን በሕግ የቅነሳ ምክንያት አይደለም። ቅነሳ ለመባል ከሠራተኛው 10 በመቶ፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ደግሞ ቢያንስ አምስት ሰው መንካት አለበት፤ ማን ይቅደም የሚለውም በአሠሪው ስሜት አይወሰንም። የሥራ ችሎታና ምርታማነት ያለው ይቀራል፤ በዚያ እኩል ከሆኑ ቀድሞ የሚሄደው አነስተኛ አገልግሎት ያለው ነው። ያቺ የቅጥር ቀን እዚህም ብቅ ትላለች። አካል ጉዳተኞች፣ በሥራው ላይ የተጎዱ፣ የሠራተኛ ተወካዮች፣ ነፍሰ ጡሮችና ከወለዱ አራት ወር ያልሞላቸው እናቶች የሚነኩት በመጨረሻ ነው።

ማኅበር ያላቸው ሠራተኞች አንድ ተጨማሪ ነገር አላቸው። ሁለት ድርጅቶች ሲቀላቀሉና ሁለቱም የኅብረት ስምምነት ሲኖራቸው፣ ሌላ ካልተስማሙ በቀር ብዙ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ስምምነት ይሠራል፤ ቁጥሩ እኩል ከሆነ ለሠራተኛው የሚሻለው። ማኅበር ለማቋቋም አሥር ሠራተኛ ይበቃል። በምዕራብ ጎጃም ከተሞች አሥር ሰው የሚያሠራ ድርጅት ጥቂት አይደለም፤ ማኅበር ያለው ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

እስካሁን ያየነው ድርጅት ሲሸጥ ነው። በዚህ በኩል ሕጉ ይበቃል፤ የሚጎድለው አፈጻጸሙ ነው። ድርጅቱ ሳይሸጥ ሥራው ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ግን ሕጉ ራሱ ይጎድላል። ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ ባለ ባንክ በር ላይ የሚቆመውን ጥበቃ እንይ። ደመወዙን የሚከፍለው ባንኩ አይደለም፤ ጨረታ ያሸነፈ ኤጀንሲ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት አልፎ ጨረታው እንደገና ሲወጣ ሌላ ኤጀንሲ በዝቅተኛ ዋጋ ያሸንፋል። ጥበቃው ሰማያዊውን ዩኒፎርም ይመልስና ግራጫውን ይለብሳል። በዚያው በር፣ በዚያችው ወንበር፣ የዚያኑ ባንክ ደንበኛ እየፈተሸ ይውላል። ዘጠኝ ዓመት እዚያ በር ላይ ቆሞ በወረቀት ግን የአራት ወር ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። የሆስፒታል ጽዳትም፣ የዩኒቨርሲቲ ካፍቴሪያም በዚሁ መንገድ እየሄዱ ነው።

አንቀጽ 16 እዚህ ይደርሳል? አይመስለኝም። የተሸጠ፣ የተቀላቀለ ወይም የተከፈለ ድርጅት የለም፤ የቀድሞው ኤጀንሲም በሌላ ከተማ ሥራውን ቀጥሏል፤ አዲሱም ከቀድሞው የገዛው ነገር የለም። ስለዚህ ጥበቃው አዲሱን ኤጀንሲ «የድሮ አገልግሎቴን ቁጠርልኝ» ማለት አይችልም። መብቱ ያለው በቀድሞው ኤጀንሲ ላይ ነው፤ ብዙዎች ይህን ስለማያውቁ ሳይጠይቁት ያልፋሉ። ኤጀንሲው ከባንኩ ጋር የነበረው ኮንትራት ማለቁ ከጥበቃው ጋር ያለውን ውል አያቋርጠውም፤ ሁለቱ የተለያዩ ውሎች ናቸው። ሌላ ቦታ መመደብ አለበት፤ ቦታ ከሌለው ደግሞ በሕጉ መሠረት አሰናብቶ፣ የስንብት ክፍያውንና ያልተወሰደ ዕረፍቱን መክፈል አለበት። ክፍያው በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም ይኖርበታል፤ ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ድረስ ሊጨምርበት ይችላል። ኤጀንሲዎች በዚህ ላይ የሚያነሱት መከራከሪያ «የቀጠርነው ለተወሰነ ሥራ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ውሉም ያልቃል» የሚል ነው። ነገር ግን ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ የሚገመት ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚፈቀደው በተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ ነው። ባንክን መጠበቅ የማያልቅ ሥራ ነው፤ ያለቀው የኤጀንሲው ዕድል ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ክፍተት አይተውት ደፍነውታል። የአውሮፓ የጋራ ገበያ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1977 ድርጅት ሲተላለፍ የሠራተኛ መብት አብሮ እንዲተላለፍ መመሪያ አወጡ፤ እንግሊዝ በ1981 ተከተለች፤ በ2006 ደግሞ ደንቧን አሻሽላ አገልግሎት ከአንድ ተቋራጭ ወደ ሌላ ሲያልፍም ሥራውን ዋና ሥራቸው አድርገው የሚሠሩት ሰዎች ወደ አዲሱ ተቋራጭ ከነአገልግሎት ዘመናቸው እንዲያልፉ አደረገች። ደቡብ አፍሪካ በሠራተኛ ሕጓ አንቀጽ 197 ላይ ከሚተላለፉት ነገሮች መካከል አገልግሎትንም ጽፋለች። እንዲህ ያለ ሕግ ሲኖር ጨረታ ላይ የሚቀርብ የጽዳት ወይም የጥበቃ ድርጅት ዋጋ ሲሰጥ የሚረከባቸውን ሰዎች የአገልግሎት ዘመን ዕዳም ማሰብ ይኖርበታል።

እኛ ዘንድ ይህ ቢመጣ የጨረታ ዋጋ ይወደዳል የሚል ተቃውሞ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ይወደዳል። አሁን ርካሽ የሆነው ግን አንድ ሰው ልዩነቱን ከኪሱ ስለሚከፍል ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ደመወዝ የሚያገኘው ጥበቃ ነው። አዋጁ ዳግመኛ ሲሻሻል በአንቀጽ 16 ላይ አገልግሎትን የሚጨምር አንድ ሐረግ ሊገባ ይገባል። እስከዚያው ባንኮችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በጨረታ ሰነዳቸው ውስጥ «አሸናፊው ነባር ሠራተኞችን ከነአገልግሎት ዘመናቸው ይረከባል» ብለው ቢጽፉ የሚከለክላቸው ሕግ የለም።

የሆቴል ኪራይም ከዚሁ ይመደባል። በፍኖተ ሰላምም በቡሬም የሕንፃው ባለቤት አንድ፣ ሆቴሉን የሚያሠራው ሌላ የሆነበት ቤት ሞልቷል። የኪራይ ዘመኑ አልቆ አዲስ ተከራይ ሲገባ አልጋው፣ ወጥ ቤቱ፣ የሆቴሉ ስም፣ አስተናጋጇና ቡና አፍይዋ ሁሉ ይቆያሉ። ባለቤትነት ተላልፏል ማለት ያከራክራል። እዚህ ላይ ዳኛ የሚያየው ምን ያህሉ ነገር አብሮ እንዳለፈ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ዕቃው፣ ስሙ፣ ደንበኛው፣ ሠራተኛው አንድ ላይ ካለፉ የተላለፈው ሕንፃ ሳይሆን ድርጅት ነው። ለቡሬ ፓርክም ይኸው መለኪያ ይሠራል። አንድ ባለሀብት ሼዱን ለቅቆ ሌላው ባዶ ሼድ ተከራይቶ የራሱን ማሽን ቢተክል መተላለፍ የለም፤ ማሽኑን፣ የገበሬ አቅራቢዎቹንና የምርት ስሙን ጭምር ከተረከበ ግን ከሠራተኛው ውል የሚሸሽበት ምክንያት አይታየኝም።

ለለቀማና ለአረም የሚመጡት የወቅት ሠራተኞች ጉዳይ ከሁሉም የሳሳ ነው። ሕጉ የወቅት ሥራን ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር ከሚፈቀድባቸው ምክንያቶች ቆጥሮታል፤ ስለዚህ እርሻው በሁለት ወቅቶች መካከል ቢሸጥ አዲሱ ባለቤት ካምናው ቀንበኞች ጋር የቆመ ውል የለኝም ሊል ይችላል። በሽያጩ ጊዜ ሥራ ላይ ላሉት ግን የጀመሩት ውል እስኪያልቅ ይሠራል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአካባቢው ያለው የጸጥታ ሁኔታ ሥራን ያስቆማል፤ መንገድ ይዘጋል፣ ጥሬ ዕቃ ይቀራል። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ቢያንስ ለአሥር ተከታታይ ቀናት ሥራ ሲቆም ሕጉ የሥራ ውልን ማገድን ይፈቅዳል፤ አሠሪው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት፤ እገዳውም ከ90 ቀን አይበልጥም። የታገደ ውል የሞተ ውል አይደለም። ፋብሪካው ተዘግቶ ሳለ ከተሸጠ፣ ቤታቸው የተቀመጡት ሠራተኞችም ከሽያጩ ጋር የሚያልፉ ናቸው፤ «ስንገዛው ማንም አልነበረም» የሚለው የገዥ መልስ አያዋጣም።

የቀድሞው ባለቤት ሳይከፍል የተወው ደመወዝስ? ሁለቱ አንቀጾች በዚህ ላይ ዝም ይላሉ፤ ሻጭና ገዥ በመካከላቸው የሚዋዋሉት ደግሞ ሠራተኛው ሳያየው ይቀራል። ስለዚህ ክስ ሲቀርብ ሁለቱንም ተከሳሽ ማድረግ ይበጃል። የሠራተኛ ገንዘብ ከሌላው ዕዳ ቅድሚያ እንዳለው አዋጁ ይናገራል።

ድርጅትዎ ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ከሰሙ፣ ከርክክቡ በፊት የቅጥር ደብዳቤዎንና የመጨረሻውን የክፍያ ወረቀት ኮፒ ይያዙ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃም ይጠይቁ። ያልገባዎትን ቅጽ ይዘው ወደ ወረዳው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ይሂዱ እንጂ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አይፈርሙ። ክሱ የሚጀምረው በወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ይግባኙ ፍኖተ ሰላም ላለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ፣ ከመቋረጡ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።